ውርጩ ለምን የታችኛውን መደብ ብቻ መታ?

የመነሻ ጥያቄ

ታኅሣሥ 4 ቀን ማለዳ ወደ ጓሮ ስወርድ ቲማቲሞቼ የፈላ ውሃ የተደፋባቸው መስለው ጠበቁኝ። ቅጠላቸው ጠቁሮ ተንጠልጥሏል፤ ግንዳቸው ሲነኩት ይላላል። ከጎናቸው ያለው የኮባ ቅጠል ጠርዙ ነጥቶ ነበር፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ ቡናማ ተለወጠ። ዱባውም አልተረፈም። ጉዳቱ ግን በታችኛው መደብ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ አሥራ አምስት እርምጃ ከፍ ብሎ በማዕድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ያለው ቲማቲም፣ በአንድ ቀን ከአንድ ሻጭ የገዛሁት ችግኝ፣ አበባ ላይ ነው።

ግቢያችን ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ወንዝ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከ30 ዓመት በላይ ደክማበታለች። በእርሷ ጊዜ ከሁሉ የሚበልጠው መደብ የታችኛው ነበር። ጎርፍ እያጠበ የሚያወርደው አፈር የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ጥቁርና ጥልቅ ነው። የገናን ሰላጣ የምታዘጋጀው ከዚያ በለቀመችው ቲማቲም ነበር። እኔ አተካከሏን አልለወጥኩም፤ ዘሩም፣ ፍጉም፣ የማጠጫው ሰዓትም የእርሷ ነው። ሆኖም ዐምናና ዘንድሮ በተከታታይ ያ መደብ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እየጠቆረ ቀረብኝ። የእናቴን መደብ በእጄ ላይ ሲሞት ማየት ከቲማቲሙ ዋጋ በላይ አንገበገበኝ።

ስለዚህ የጓሮ አትክልት ወዳጆች በሚወያዩበት መድረክ ላይ ሁለት ነገር ጠየቅኩ። የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ከቀድሞው ብሷል ወይ? የታችኛውንስ መደብ ከኅዳር እስከ ጥር ጦም ላሳድረው ወይስ ማዳኛ አለው? በሦስት ሳምንት ውስጥ 26 መልስ ተጻፈ፤ ጥቂቶቹ የራሴ ናቸው። እንደ እኔ ተዳፋት ላይ የሚኖር ሰው እንዳይቸገር በየተራ ቁጥራቸው እተርካቸዋለሁ።

መልሶቹ

1ኛ፦ መጀመሪያ የጻፉልኝ በጉለሌ የሚኖሩ እናት ናቸው። ስለ እናቴ ነፍስ ይማር ካሉ በኋላ፣ በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለሰው ከሆነ ለተክልም ቢያንስ አንድ አሮጌ ነጠላ ይገባዋል ብለው ጀመሩ። እርሳቸው ቲማቲማቸውንና ቃሪያቸውን በየአመሻሹ ያለብሳሉ። መልበስ ያለበት ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ጨርቁ የራሱ ሙቀት የለውም፤ የሚያቅፈው ምድር በቀን የጠጣችውን ሙቀት ነው። ምድሪቱ ከቀዘቀዘች በኋላ የሚያለብስ ሰው ብዙ አያተርፍም። ችካል ተክለው ጨርቁን በችካሉ ላይ ይጥሉታል እንጂ ቅጠሉን አያስነኩትም፤ በተለይ ላስቲክ የነካው ቅጠል እዚያው ይቃጠላል። ጠዋት ፀሐይ ግቢውን ስትይዝ ይገፈፋል። በመልሳቸው ውስጥ ያልሠሩት ነገር አንድም የለም፤ ይህ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል።

2ኛ፦ አንድ ወጣት ማታ ማታ ቅጠሉን በጎማ አርጥቦ ማሳደር ይበቃል አለ። በዚያው ምሽት ልሞክረው ተነሥቼ ነበር። ውሃው ተራችን ስላልነበረ ብቻ ቀረ፤ ደግሞም እንኳን ቀረ።

3ኛ፦ እኚህ ሰው ጥያቄዬን ከሥሩ ነቀሉት። የደረሰብኝ ውርጭ አይደለም፣ ምች ነው፤ መሀል አዲስ አበባ ወይና ደጋ ስለሆነ ውርጭ አይጥልበትም ሲሉ ፈረዱ። ምች ቲማቲምንና ድንችን እንዴት እንደሚያጠቃ ግን በትክክል አስረድተዋል። በቅጠሉ ላይ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ነጠብጣብ ይወጣል፣ አየሩ እርጥብ ሲሆን ከቅጠሉ ጀርባ ነጭ ሻጋታ ይታያል፣ ከቀን ወደ ቀን እየሰፋ ፍሬውን ያጠቁራል። ይህን ካወቁ ለምን የእኔን ተክል ምልክት እንዳልጠየቁኝ አልገባኝም።

4ኛ፦ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ በትሕትና አረሟቸው። ምች እርጥበት ይወዳል፤ ጊዜው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ደረቅ በሆነው የታኅሣሥ አየር፣ በአንድ ሌሊት፣ ከላይ እስከ ታች እኩል የጠቆረ ተክል ብርድ የመታው ነው። ቀጥለው በመሀል ከተማ ሰዎች አብዝተው የሚሳሳቱበትን ነገር አብራሩ። በሬዲዮ የሚነገረው የሙቀት መጠን ከመሬት ከፍ ብሎ በጥላ ውስጥ በተሰቀለ መለኪያ የሚነበብ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቅጠል ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ በዙሪያው ካለው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። መለኪያው 3 ወይም 4 ዲግሪ እያሳየ ቅጠሉ ላይ ውርጭ ሊያርፍ የሚችለው ለዚህ ነው። በሶብላ ደግሞ ውርጭ እስኪመጣ እንኳን አይጠብቅም፤ ብርቱ ቅዝቃዜ ብቻውን ያጠቁረዋል። ቲማቲም ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድባቸው ሳምንታት ባይሞትም አበባውን ያረግፋል።

የወጣቱንም ምክር አቃኑት። ውሃ የሚያስፈልገው አፈሩ ነው፤ ጊዜውም እኩለ ቀን ሳያልፍ። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ቅጠሉ ግን ደርቆ ማደር አለበት። የከተማው ቅዝቃዜ ብሷል ወይ ላልኩት፣ አስፋልቱና ሕንፃው በቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ስለሚለቅ መሀል ከተማ ከዳር ይልቅ ሞቅ ይላል እንጂ አይብስም፤ ምክንያቱን ከግቢዎ ይፈልጉ አሉኝ። ይህች የመጨረሻዋ ምክር ያን ቀን አልተዋጠችልኝም።

5ኛ፣ 6ኛ እና 7ኛ፦ ሦስቱም ስለ ከፍታ ናቸው። የ3ኛው መልስ ባለቤት ተመልሰው ወይና ደጋ የሚለውን ደገሙ። ሌላ ሰው የወይና ደጋን ወሰን ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር አድርጎ፣ አራት ኪሎ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ መሆኑን ጽፎ፣ ስለዚህ የቆምነው ደጋ ላይ ነው አለ። ሦስተኛው ወሰኑን 2,500 የሚያደርጉም አሉ ብሎ መሀል ገባ። ድንበሩ በየመጽሐፉ ስለሚለያይ ሁሉም የሚይዙት ማስረጃ ነበራቸው። ለቲማቲሜ ግን አንዳቸውም አልጠቀሙትም።

8ኛ፦ ከአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት የጻፉ፣ በካዛንቺስ ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው። የእርሳቸው ብርድ ሌላ ነው። ምድሩ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ የመጨረሻው ውርጭ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ሊቆይ፣ የመጀመሪያው ደግሞ መስከረም ሳያልቅ ሊመጣ ይችላል። በመካከሉ ባለው አጭር ጊዜ ለማምረት የቲማቲሙን ዘር በመጋቢት ቤት ውስጥ በመብራት ሥር ያፈላሉ። ነጭ ሽንኩርት በጥቅምት ተክለው በገለባ ያለብሱትና ከበረዶ ሥር ከርሞ በሐምሌ ይነቅሉታል። በረዶው ራሱ ለሥሩ እንደ ብርድ ልብስ ነው። በሶብላቸውን በማሰሮ ተክለው ሲበርድ ወደ ቤት ያስገቡታል፤ የአዲስ አበባን ሽታ የሚያገኙት በእርሱ ነው።

ከዚያ የመጣውን ሁሉ እዚህ መትከል እንደማይቻልም ከራሳቸው ስሕተት አስተማሩን። ለአክስታቸው የቱሊፕ አበባ ኮረት፣ ማለትም ሽንኩርት መሳይ ሥሩን፣ እና የቀይ ሽንኩርት ዘር ልከው ነበር። ቱሊፑ በመጀመሪያው ዓመት አብቦ በሁለተኛው ቅጠል ብቻ ሆነ፤ ኮረቱ ለማበብ ሦስት ወር ያህል የማያቋርጥ ቅዝቃዜ ይሻል፣ የእኛ ሌሊት ቢበርድም ቀኑ ይሞቃል። ሽንኩርቱም ቅጠል እንጂ ራስ አልያዘም። የቀዝቃዛ አገር የሽንኩርት ዝርያ ራስ የሚቋጥረው ቀኑ ከ14 ሰዓት ሲረዝም ነው፤ የአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን ግን 13 ሰዓት አይሞላም። ጥፋቱ የአክስታቸው እጅ መስሏቸው ለዓመታት ሲወቅሷቸው እንደኖሩ አምነዋል። በመጨረሻም ጽጌረዳ በክረምት ማብቂያ ይገረዝ ብለው መልሳቸውን ዘጉ። ጠቡን ያስነሣው ይህ ዐረፍተ ነገር ነው።

9ኛ፦ አንድ ሰው በቁጣ መለሰላቸው። ክረምት የሚባለው ሐምሌ መሆኑን ረስተዋል፣ ባሕር ማዶ ተቀምጦ ለአዲስ አበባ መምከር ቀርቶብን ነበር፣ በረዶ የለመደ ሰው ስለ ጭቃ አይናገር እያለ ወረደባቸው። አንድ ስለ አትክልት የሚጠቅም ቃል አልጨመረም። ሴትዮዋ የራሳቸውን ስሕተት ዘርዝረው ለሌላው መማሪያ ሲያደርጉ እንዲህ መዘለፋቸው በጣም አሳዘነኝ።

10ኛ፦ ግን የቁጣው ፍሬ ነገር እውነት አለው። ከካዛንቺስ የጻፈች ወጣት ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ምክር አንብባ ጽጌረዳዋን በክረምት፣ ማለትም በሐምሌ፣ ገርዛዋለች። በማያቋርጥ ዝናብ መካከል የተቆረጠው ሁሉ ለበሽታ በር ከፈተ፤ ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ ረገፈ፣ ሁለቱ እግር ጽጌረዳ ደረቁ። ጥፋተኛዋ ሴትዮዋ ሳይሆኑ ቃሉ ነው አለች። እኔም ከእርሷ ጋር ነኝ። በእነርሱ አገር ብርዱና ክረምቱ አንድ ላይ ነው የሚመጣው፤ በእኛ ዘንድ ክረምቱ ዝናብ ነው፣ የሌሊቱ ብርድ የሚመጣው በበጋ ነው። ይህን ሳይለዩ የተረጎሙት ምክር ስንቱን ጓሮ እንዳጠፋ የሚያውቀው ጓሮው ብቻ ነው።

11ኛ፦ አንድ መምህር ወቅት መጥራት ትተን ወር እንጥራ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሜትሮሎጂም ቢሆን ዓመቱን የሚከፍለው በአየሩ ጠባይ ነው፤ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም። የሚበርደው መቼ ነው የሚለውም ክርክር በዚሁ ይፈታል አሉ። ቀኑ የሚቀዘቅዘው በሐምሌና በነሐሴ ነው፣ ፀሐይ ስለማትታይ። ሌሊቱ የሚቀዘቅዘው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፣ ደመና ስለማይኖር። ደመና የሌሊት ጋቢ ነው፤ ጥቅምት ላይ ሲገፈፍ ምድር ራቁቷን ታድራለች። ከዚህ ውይይት ለልጆቼ የማስተምረው አንቀጽ ቢኖር ይህ ነው።

12ኛ፦ የሚኒሶታዋ ሴት ተመልሰው ይቅርታ ጠየቁ፤ 30 ዓመት ሙሉ በረዶውን ክረምት እያሉ ሲጠሩት ሐምሌ ከአፋቸው እንደ ጠፋ ጻፉ። ምክራቸውንም አርመው፣ በአዲስ አበባ ጽጌረዳ ዝናቡ ከወጣ በኋላ በመስከረም ማብቂያ ይገረዝ አሉ። ለተሳዳቢው አንድ ቃል አልመለሱም።

13ኛ፦ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያደጉ፣ አሁን ልደታ የሚኖሩ ሰው የአያታቸውን ዘዴ አመጡ። 2,800 ሜትር ላይ ውርጭ የዘወትር እንግዳ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ጸጥ ያለ ምሽት ሲሆን አያታቸው በማሳው ዳር ኩበት እያጨሱ ያድሩ ነበር። ጢሱ ባቄላውን እንደ ደመና ይሸፍነው እንደ ነበር በናፍቆት ተርከዋል። አያታቸው በጋቢ ተጠቅልለው ከእሳቱ አጠገብ ሲያንቀላፉ የሚያሳየው ክፍል እጅግ ያምር ነበር።

14ኛ፦ የግብርና ባለሙያው አያቱን አክብረው ጢሱን ነቀፉ። የጢስ ብናኝ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከመሬት የሚወጣው ሙቀት አቋርጦት ያልፋል፤ እንደ ደመና አይመልሰውም። የጠቀማቸው እሳቱ ነው። እንዲያውም ጠዋት ያልጠራ ጢስ የፀሐይዋን ሙቀት ያዘገያል።

15ኛ እና 16ኛ፦ ከዚህ ወዲያ ነገሩ ወደ ኅዳር ሲታጠን ሄደ። አንዲት እናት የአስም ሕመምተኛ ልጅ እንዳላቸውና ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል በርና መስኮት ዘግተው እንደሚውሉ ጽፈው፣ አሁን ደግሞ ለቲማቲም ጢስ ልትጨምሩብን ነው ወይ ሲሉ በምሬት ጠየቁ። ሌላው የአባቶችን ሥርዓት አታንቋሽሹ ብሎ ተነሣባቸው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ሲያራቁት ሰው በሽታውን ያባርራል ብሎ ማጠኑን፣ ልማዱም ከዚያ የመጣ መሆኑን አስታወሰ። ታሪኩ እውነት ነው። ነገር ግን የያኔው ቆሻሻ ገለባና ቅጠል ነበር፤ የዛሬው ፌስታልና ጎማ ነው። እኔ ከእናትየዋ ጋር እቆማለሁ። የረገፈ ቅጠል ለብስባሽ የሚሆን ሀብት ነው፤ ማቃጠል ኪሳራ ነው።

17ኛ፦ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም ለእርሱ ስል ነው። ሰሜን ደጋ ውስጥ ያደጉ ሰው፣ ከታችኛው መደብ ግርጌ ምን እንዳለና ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ጠየቁኝ። በአገራቸው ውርጭ ቀድሞ የሚጥለው ጎድጓዳ ላይ ነው፣ ብርድ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳልና፣ መውጫ ሲያጣ ይተኛል።

ይህን አንብቤ ወደ ጓሮ ወረድኩ። ከሁለት ዓመት በፊት የታችኛውን አጥር አፍርሻለሁ። የቀድሞው ቁልቋልና ሽቦ ነበር፤ በመካከሉ ድመትም፣ ነፋስም፣ ዶሮም ያልፍ ነበር። በእርሱ ፋንታ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ሜትር ቁመት ያለው የብሎኬት ግንብ አስገነባሁ። እናቴ የማታውቀው ግንብ ነው። አተካከሏን አልለወጥኩም ስል እውነቴን ነበር፤ ከግንቡ በስተቀር።

18ኛ፦ ይህንኑ ጻፍኩ። ከመርካቶ ሁለት የሙቀት መለኪያ ገዝቼ አንዱን በማዕድ ቤቱ ግድግዳ፣ አንዱን በታችኛው መደብ፣ ሁለቱንም በጉልበት ቁመት ሰቀልኩ። ለሦስት ሌሊት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቼ አነበብኳቸው። የላይኛው 7፣ 7 እና 8 ዲግሪ፤ የታችኛው 3፣ 2 እና 4። በአሥራ አምስት እርምጃ ልዩነት! ከግንቡ ሥር ቆሜ እግሬን ሲያቆረፍደኝ፣ ብርዱ ከላይኛው ሰፈር ጭምር ተንሸራቶ መጥቶ እዚያ መተኛቱ ተሰማኝ።

19ኛ፦ በግንባታ የሚተዳደሩ ሰው መፍትሔውን ሰጡ። ግንቡን ማፍረስ አያስፈልግም፤ ከመሬቱ ጋር እኩል በየሁለት ሜትሩ አንድ አንድ ብሎኬት አውጥቶ በክፍተቱ ብረት መግጠም ነው። መሠረቱ እንዳይነካ፣ ከማዕዘኑም ራቅ እንዲል አስጠነቀቁ። ተዳፋት ላይ ውሃ ማፋሰሻ የሌለው ግንብ በክረምትም አደጋ አለው፤ የጠጣው አፈር ገፍቶ ሊጥለው ይችላልና ክፍተቱ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል።

20ኛ፦ የ9ኛው መልስ ባለቤት ተመልሶ፣ ብርዴን በታች ባለው ጎረቤት ላይ ልደፋ መሆኑን በመጥቀስ ራስ ወዳድ አለኝ። ይህ ለእኔ ቀላል ስድብ አልነበረም። ከግንቤ በታች ያለው ቁጥቋጦና የወንዙ ገደል እንጂ ቤት አይደለም፤ ይህንንም መለስኩለት። ቢሆንም ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነው፤ በታቹ ጎረቤት ያለው ሰው አስቀድሞ ተነጋግሮ ሊሠራ ይገባዋል።

21ኛ፦ በሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሴት፣ ፒያሳ ከነበራቸው ግቢ ይዘው የመጡት አንድ ጣሳ ጤና አዳምና አንድ ጣሳ በሶብላ እንደሆነ ጻፉ። ከፍ ስላለ ብርዱ አይደርስበትም፤ በሶብላቸው ታኅሣሥን ያለ ልብስ ያልፋል። የቸገራቸው ፀሐይ ነው። በረንዳቸው ወደ ሰሜን ስለሚያይ በታኅሣሥ አንድም ጨረር አይገባበትም። የግብርና ባለሙያው ቀጥሎ ባለው መስመር ምክንያቱን አስረዱ፤ በአዲስ አበባ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ስለዚህ በብርዱ ወራት ደቡብን የሚያይ ግድግዳ ወርቅ ነው። የእኔም የማዕድ ቤት ግድግዳ የሚያየው ወደ ደቡብ ነው፤ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሌሊት ለቲማቲሙ ሲያካፍለው ኖሯል። ሴትዮዋ ስለ ፒያሳው ግቢያቸው ሌላ ምንም አልጻፉም። የኮክ ዛፍ እንደ ነበረው ብቻ።

22ኛ፦ ሆለታ በአበባ እርሻ የሠራ ሰው ብርዱን ሁሉ አትርገሙት አለ። ቀዝቃዛ ሌሊት ጽጌረዳን ቀስ ብሎ ስለሚያሳድገው እምቡጡ ይተልቃል፤ የደጋው አበባ የሚፈለገውም በዚህ ነው። በሞቃት ቀንና በቀዝቃዛ ሌሊት መካከል ግን ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ሻጋታ ይመጣል፤ ችግኙን ማራራቅና ነፋስ እንዲያልፍበት መግረዝ ይገባል። የካዛንቺሷ ወጣት ሦስት ጥያቄ ጠየቀችው፤ ሦስቱንም በትዕግሥት መለሰላት።

23ኛ፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለሳር የሚያጠጣ ሰው ሊያፍር ይገባል የሚል ጠንካራ መልስ ነው። እኔ ሳር የለኝም፤ ቢሆንም አልተከራከርኩም። የኪኩዩ ሳር በበጋ ካልጠጣ ይገረጣል፤ ይገርጣ፣ ሥሩ አይሞትም፣ የበልግ ዝናብ ያነሣዋል። አትክልት የታጠበበት ውሃ ለአትክልት ይሁን፤ የልብስ ሳሙና የገባበት ግን ጨው ስላለው አፈር ያበላሻል። አንድ ሰው ወንዙ አጠገብ ስላለሁ ከቀበና እንድቀዳ በቅንነት መክሮኝ ነበር። በጭራሽ። የከተማው ፍሳሽ ሁሉ የሚገባበት ወንዝ ነው፤ ጥሬ የሚበላ ሰላጣና ቲማቲም በእርሱ አይጠጣም።

24ኛ፦ የጉለሌዋ እናት ተመልሰው የታችኛውን መደብ ጦም እንዳላሳድር ነገሩኝ። ቦታው ብርዳም ከሆነ ብርድ የሚወድ ይተከልበት፤ የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር። ጎመን ብርድ ሲነካው ይጣፍጣል፤ ቅጠሉ ስኳር የሚቋጥረው ያኔ ነውና። ቲማቲሙን፣ ቃሪያውንና በሶብላውን ወደ ግድግዳው አምጣቸው፣ ልጄ፣ አሉኝ። በጉዝጓዙም ገሠጹኝ። በመደቡ ላይ የነሰነስኩት ወፍራም የሳር ጉዝጓዝ እርጥበት ቢጠብቅም የምድሩን ሙቀት አፍኖ ወደ ቅጠሉ እንዳይደርስ ያደርጋል፤ በብርዱ ሳምንታት ከሥሩ ገለል ይበል። ይህን ባለሙያውም አጸደቁላቸው።

25ኛ፦ የእኔ ነው። ታኅሣሥ 17 ቀን ከአንድ ግንበኛ ጋር አምስት ብሎኬት አወጣን። በመጀመሪያው ሌሊት የታችኛው መለኪያ 5 ዲግሪ አነበበ፤ በሁለተኛውም 5፤ በሦስተኛው፣ ሰማዩ እጅግ በጠራበት፣ 4። ላይኛው በሦስቱም ቀን 7 ነበር። ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ከግንቡ በፊትም ጥቂት ሳይኖር አይቀርም። ግን ከዚያ ወዲህ ነጭ ጠርዝ በአንድም ቅጠል ላይ አላየሁም። የሞቱትን ቲማቲሞች ነቅዬ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ተከልኩ። ኮባውን ግን ምን ላድርገው? የተቃጠለው ቅጠል ተንጠልጥሎ ግቢውን አስቀያሚ አድርጎታል፤ ለገና እንግዳ ስለሚመጣ ልቆርጠው ቢላ ስዬ ነበር።

26ኛ፦ 17ኛውን መልስ የጻፉት የሰሜን ሰው ፈጥነው አስቆሙኝ። ከመካከሉ ገና የሚወጣውን ቡቃያ ከብርድ የሚከልለው ያ የደረቀ ቅጠል ነው፤ ብርዱ ሳይወጣ አይቆረጥም። በማግስቱ ጠዋት የደረቀውን ቅጠል ገለጥ አድርጌ አየሁ። ከመካከሉ እንደ ጧፍ የተጠቀለለ፣ አንድ ክንድ ያህል የሆነ አረንጓዴ ቅጠል ወጥቷል። ቢላውን መልሼ ማዕድ ቤት አስቀመጥኩ፤ እስከ ጥር ማብቂያ አልነካውም።